የጽጌ ቅዳሜዎች፦ በሜሪላንድ የገጠር መንገዶች በብስክሌት

እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የጽጌ ጾም የሚገባው ቅጠል መርገፍ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። መስከረም 26 እዚህ ኦክቶበር 6 ይውላል፤ ኅዳር 5 ደግሞ ኖቬምበር 14። አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ፣ መጸው ገብቶ፣ ሜዳውና ጋራው አደይ ለብሶ፣ ካህናቱ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ቆመው እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ በሚያመሰግኑበት በዚያው አርባ ቀን፣ እዚህ ዛፉ ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ቢጫና ቀይ ሆኖ ከታየ በኋላ ራቁቱን ይቀራል። ይህ አለመገጣጠም ጾሙን ለብዙ ዓመታት ከእጄ አስወጥቶብኝ ቆይቷል። አበባ በሌለበት አገር የአበባ ወራት እንዴት ይታሰባል እያልኩ፣ ጾሙ የፈቃድ መሆኑንም ምክንያት አድርጌ፣ ሳልጾመው ያሳለፍኩት ዓመት ጥቂት አይደለም።

ወደ ጾሙ የመለሰኝ ሐዘን ነው፤ በጾሙ ያቆየኝ ደግሞ ብስክሌት ነው። ይህን የምጽፈው በስደት አገር ሐዘን ላገኛቸው፣ ወይም ለጸሎት ቆመው ሐሳባቸው አልሰበሰብ ላላቸው ወገኖች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነው። መንገዱን፣ ዝግጅቱን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር እንዳለ እነግራችኋለሁ።

እናቴ ያረፈችው በ2013 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን፣ ባሕር ዳር ነው። መርዶው የደረሰኝ እንደ ወጉ ዘመድና ጎረቤት ሊነጋ ሲል በር አንኳኩቶ ሳይሆን በስልክ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስለ ነበር ሰው ቤቴ አልተሰበሰበም፤ ወዳጆቼ ያዘጋጁትን ምግብ ደጃፌ ላይ አስቀምጠው፣ ከመኪናቸው አጠገብ ቆመው አንገታቸውን ደፍተው ይመለሱ ነበር። ለቀብሯ መድረስ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያን ጊዜ የሚያስተናግደው በተራ የተመዘገበ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ማልቀስ አለመቻሌ ነው። ለቅሶ ለካ ብቻን የሚቀመጡት ነገር አይደለም፤ የሚያስለቅስ ሰው፣ የሚያለቅስ ሰው፣ "በቃ፣ ተው እንግዲህ" የሚል ሰው ይፈልጋል። እኔ ሥራዬን እየሠራሁ፣ ስልክ እየመለስኩ፣ እንቅልፍ አጥቼ እንደ ደረቅ እንጨት ሆንኩ።

እናቴ ጽጌን አንድ ዓመት እንኳ አሳልፋ አታውቅም ነበር። አርባዋ በጾሙ መሐል እንደሚውል ስቆጥር፣ በዚያ ዓመት ስለ እሷ ልጾመው ወሰንኩ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለ አስጨነቀኝም ወጥቼ የምውልበት ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ለምን ትዝ እንዳለኝ ይገባዋል። ዘንባባ በተተከለባቸው በእነዚያ ሰፋፊ መንገዶች ተማሪውም ሠራተኛውም በሳይክል ይሄድ ነበር፤ እኔም በሰዓት ሒሳብ በምትከራይ ሳይክል ነው የለመድኩት። እናቴ በማለዳ ወደ ጊዮርጊስ ስትሄድ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ትራመዳለች፤ እኔ ከጎኗ በሳይክል እከተላታለሁ። ከእግረኛ ጋር እኩል ለመሄድ ሳይክል ምን ያህል መዝገም እንዳለበት፣ ሳይወድቁ መዝገምም ከመፍጠን ይልቅ እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን ትዝታ ያነሣሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. ሰው ሁሉ ወደ ብስክሌት ዞሮ ስለ ነበር በሱቆች ውስጥ አዲስ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ያገለገለች፣ ማርሿ የሚሠራ፣ ፍሬኗ የሚይዝ አንዲት ብስክሌት ከአንድ ጎረቤት ገዛሁ። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ጎማ ነው። ለአስፋልት ውድድር የተሠራው ቀጭን ጎማ በፒስታ መንገድ ላይ እጅን ያደነዝዛል፣ በጠጠርም ላይ ያንሸራትታል፤ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ፣ አየሩ ከልክ በላይ ሳይወጠር ሲነፋ፣ አስፋልቱንም ጠጠሩንም በሰላም ያሳልፋል።

አሁን ስለ መንገዱ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ክፍል ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእርሻ ተብሎ የተከለለ፣ 93,000 ኤከር ያህል ስፋት ያለው፣ የካውንቲውን ሲሶ ገደማ የሚሸፍን መሬት ነው። ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ በቆሎና አኩሪ አተር የሚታጨድበት፣ ከብት የሚሰማራበት ጸጥ ያለ ገጠር ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ካውንቲው አንዳንዶቹን ጥንታዊ መንገዶች እንዳይሰፉና መልካቸው እንዳይለወጥ በተለየ ደንብ ስለሚጠብቃቸው፣ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው ጣራ የሠሩባቸው፣ መኪና እምብዛም የማያልፍባቸው መንገዶች አሁንም አሉ። ብዙ ወገኖቻችን በአካባቢው ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ኖረው ይህን ስፍራ አንድ ቀን እንኳ አለማየታቸው ያሳዝነኛል።

የእኔ መንገድ ከፑልስቪል ከተማ ተነሥቶ ተመልሶ እዚያው የሚያበቃ፣ ወደ 23 ማይል የሚጠጋ ዙር ነው፤ በእኛ ልኬት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። መኪናዬን ከተማዋ ውስጥ አቁሜ በኋይትስ ፌሪ መንገድ ወደ ምዕራብ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፌ ማርቲንስበርግ ሮድ እገባለሁ። ይህ መንገድ በከፊሉ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ የሲሚንቶ ንጣፍ የተሠራ ነው። በመጋጠሚያው አጠገብ ዋረን የሚባል ስፍራ አለ። በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን የሠሯቸው ሦስት ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ልጆቻቸው የተማሩበት ትምህርት ቤትና የመረዳጃ ማኅበራቸው አዳራሽ፣ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ቆመዋል። ማኅበሩ የታመመ የሚረዳ፣ የሞተ የሚቀብር ማኅበር ነበር። ይህን ስረዳ ከብስክሌቴ ወርጄ ቆምኩ። እድር ነዋ! ከባርነት ወጥተው ምንም ሳይኖራቸው በመጀመሪያ ካሰቧቸው ነገሮች አንዱ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ማድረግ ነበር። በእናቴ ሐዘን ብቻዬን ለነበርኩት ለእኔ ያ ግቢ የለቅሶ ቤት ሆነኝ፤ ዛሬም በደረስኩ ቁጥር እዚያ ወርጄ፣ የእነሱን ሙታንና የእኔን ሙታን በአንድነት አስባለሁ።

ከዋረን በኋላ መንገዱ በእርሻዎች መካከል ከፍ ዝቅ እያለ ወደ ዲከርሰን ይወጣል። በኦክቶበር ኮምባይነሮች አቧራ እያስነሡ በቆሎውን ያጭዳሉ፤ በኖቬምበር ደግሞ በታጨደው ማሳ ላይ የተዘራው ስንዴ ብቅ ብሎ፣ ሁሉ ነገር ቡናማ በሆነበት መካከል ለምለም አረንጓዴ ይታያል። ከዲከርሰን ወርዶ ወደ ሞኖከሲ ወንዝ አፍ የሚወስደው መንገድ መጨረሻ ላይ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። ርዝመቱ 516 ጫማ፣ ቅስቶቹም ሰባት ናቸው፤ ከ1829 እስከ 1833 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። የተሠራው ለሰው መሻገሪያ አልነበረም፤ የሲ ኤንድ ኦ (የቼሳፒክና ኦሃዮ) ቦይን ውኃ ከእነ ጀልባው በሞኖከሲ ወንዝ ላይ አሻግሮ እንዲያሳልፍ ነበር። ይህ ቦይ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይዘልቃል። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ በቦዩ ዳር ያለው የአፈር መንገድም ለእነሱ እርምጃ የተደለደለ ነው። ቦዩ በ1924 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሞ በኋላ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የበቅሎዎቹ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተተወ። እኔ ከድንጋይ ድልድዩ ጀምሮ በዚህ መንገድ፣ ፖቶማክ ወንዝ በስተቀኜ እየፈሰሰ፣ ሰባት ማይል ያህል ወደ ኋይትስ ፌሪ እወርድና በመጣሁበት አስፋልት ወደ ፑልስቪል እመለሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ግን በከንቱ ነው ያሳለፍኳቸው ማለት እችላለሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ከዳር እስከ ዳር መዝሙርና ስብከት እሰማ ነበር፤ ስልኬ ፍጥነቴንና ርቀቴን ይመዘግባል፤ ካለፈው ሳምንት በልጬ ካልጨረስኩ ቅር ይለኛል። ከሐዘኔ እየሸሸሁ እንደ ሆነ አልገባኝም። መዝሙሩም ቢሆን፣ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ፣ ለእኔ በዚያን ጊዜ ዝምታውን የምሸፍንበት መጋረጃ ነበር። ቤቴ ስመለስ ደክሞኝ እተኛለሁ፤ ደረቴ ውስጥ ያለው ድንጋይ ግን በቦታው ነው።

በዚያ ዓመት በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 7፣ ጎማዬ ፈነዳ። ባለፈው እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ ተመለሰ ፀሐይ አንድ ሰዓት ቀድማ እንደምትጠልቅ አላሰብኩም ነበር፤ አርፍጄ ወጥቼ ከድንጋይ ድልድዩ የተነሣሁት ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ቀኑም ለወቅቱ ሞቅ ያለ ስለ ነበር የለበስኩት ቀጭን ልብስ ነው። መብራት አልያዝኩም፤ ትርፍ የውስጥ ጎማም፣ መንፊያም አልያዝኩም። የስልኬ ባትሪ መዝሙርና ርቀት ሲቆጥር ውሎ አልቋል። ብስክሌቱን እየገፋሁ በጨለማ መራመድ ጀመርኩ። በአንድ ወገን ወንዙ፣ በሌላው ወገን ውኃው የደረቀ ቦይ፣ በላይ ደግሞ ግማሽ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ነበር። ከእግሬ ሥር ከሚንኮሻኮሸው ቅጠልና ከጎማው ጠርዝ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። በመጀመሪያ ፈራሁ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቁ። በእግር ስሄድ ብስክሌቱ ከጎኔ ነበር፤ በልጅነቴ እኔ በብስክሌት እሷ በእግር ጎን ለጎን እንደ ሄድነው ማለት ነው። በድንገት ያ ትዝ አለኝ። መርዶው ከደረሰኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ "እማዬ!" ብዬ ጮኬ ያለቀስኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደ ቆየሁ አላውቅም። ኋይትስ ፌሪ ስደርስ የአንድ ቤት መብራት አየሁ፤ እዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በጭነት መኪናቸው ብስክሌቱን ጭነው እስከ መኪናዬ አደረሱኝ። ፊቴን አይተው ምንም አለመጠየቃቸውን እስከ ዛሬ በምስጋና አስበዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ነገሮችን አቆምኩ፦ ማዳመጫውን፣ ፍጥነት መቁጠሩን፣ በየሳምንቱ አዲስ መንገድ መፈለጉን። የመጨረሻው ምናልባት ለብዙዎች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። በዘመነ ጽጌ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ቅዳሜ አለ። ያንኑ አንድ መንገድ አምስትና ስድስት ጊዜ ስትሄዱበት፣ በመጀመሪያው ቀን ዓይናችሁ መልክዓ ምድሩን ያያል፤ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ የተለወጠውን ብቻ ማየት ይጀምራል። ያ የቱሊፕ ዛፍ ባለፈው ሳምንት ቢጫ ነበር፣ አሁን ባዶ ነው። ያ ማሳ ቆሞ ነበር፣ አሁን ታጭዷል። ኦክ የሚባለው ዛፍ ግን ቅጠሉን ገና አልለቀቀም። አዲስ መንገድ የሚፈልግ ሰው ካርታና መታጠፊያ ሲያይ ይውላል፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አእምሮው ነፃ ነው። አባቶቻችን ለሱባኤ አንድ ቦታ መርጠው የሚጸኑበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ በብስክሌት ላይ ሆኖ መጽሐፍ ማንበብ እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ መሞከርም አያስፈልግም። እኔ የማደርገው ይህ ነው። ከመነሣቴ በፊት መኪናዬ አጠገብ ቆሜ ውዳሴ ማርያም ዘቀዳሚትን አደርሳለሁ። ከዚያ እስከ ዋረን ዝም ብዬ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚመጣብኝ ሐሳብ ሁሉ የሥራ ነገር፣ የሒሳብ ነገር፣ በሳምንቱ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ቃል ነው፤ ቀድሞ ይህን ለማባረር እታገል ነበር፣ አሁን ግን እንደሚያልፈኝ መኪና ቆጥሬ እተወዋለሁ። ወደ ዲከርሰን በሚወስደው አቀበት ላይ እስትንፋስ ያጥራል፤ እዚያ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እላለሁ፣ በአንድ እግር ግፊት አንድ ቃል፣ አርባ አንድ እስኪሞላ። መቁጠሪያ በእጄ አልይዝም፤ እጅ ፍሬን ላይ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከጠፋኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ አቀበቱ ቀድሞኝ ያልቃል። የበረሃ አባቶች እጃቸው ሰሌን እየታታ አፋቸው ይጸልይ እንደ ነበር ስንማር፣ ሥራው ለጸሎቱ እንቅፋት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሥጋ የሚሠራው ቀላልና ተደጋጋሚ ሥራ ሲያገኝ ልብ እንደሚሰክን በራሴ እግር አይቼዋለሁ።

ከድንጋይ ድልድዩ በኋላ ባለው የበቅሎ መንገድ ላይ ግን ምንም አልልም። አርምሞ ነው። ቃልም፣ ቁጥርም፣ ልመናም የለም። በበቅሎ እርምጃ እሄዳለሁ፤ ዛፉ ሥሩን በመንገዱ ላይ ስላወጣ ፈጥናችሁ ብትሄዱ ይጥላችኋል። ጽጌ የሚታሰብበት ነገር ራሱ የመንገድ ነገር መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ነው። እመቤታችን ሕፃኑን አቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት፣ በእኛ ትውፊት ሦስት ዓመት ከስድስት ወር የቆየ ስደት ነው የምናስበው። ለስደተኛ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ጾም ምን አለ? እኔ ለዓመታት ከጾሙ ያራቀኝ አበባ ማጣቴ ነው ስል፣ መንገዱን ግን ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ስሄድበት ነበር።

ስለ አበባውም ቢሆን በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር አገኘሁ። በፖቶማክ ዳር ሲካሞር የሚባል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ግንዱ እንደ አጥንት ነጭ የሚሆን ትልቅ ዛፍ በብዛት አለ። ዛፎች ቀኑ ሲያጥር ለቅጠላቸው አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠውን ነገር ማምረት ያቆማሉ፤ ከቅጠሉ እግር ሥርም ቅጠሉን ከቅርንጫፉ የሚለይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ቅጠል የሚረግፈው በነፋስ ብቻ ሳይሆን ዛፉ ራሱ ስለሚለቀው ነው። ይህን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን እረፍት ላይ ተቀምጬ ከሲካሞር ቅርንጫፍ አንድ ቢጫ ቅጠል ሳብ ሳደርግ በቀላሉ ወጣ። የቅጠሉ እግር ጫፍ እንደ ትንሽ ቆብ ውስጡ ክፍት ነበር፤ ቆቡ በተነሣበት ቦታም የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ ተቀምጧል። በአብዛኞቹ ዛፎች እምቡጡ ከቅጠሉ አጠገብ ይታያል፤ በሲካሞር ግን ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል። በጋውን ሙሉ እዚያ ነበር፤ የሚታየው ግን ቅጠሉ ሲሄድ ብቻ ነው። ያን ቅርንጫፍ ይዤ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። እናቴ በሕይወት ሳለች ስለ እኔ ትጸልየው የነበረውን፣ እኔም እሷ ስላለች ብዬ ያልጸለይኩትን አሰብኩ።

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ፤ ከነፍስ ነገር ጋር የማይገናኝ ቢመስልም በጨለማ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ልዩነት እንደሌለው ያውቃል። የፊትና የኋላ መብራት ቀንም ቢሆን ይብራ። በጾሙ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በጾሙ መጨረሻ ግን ሰዓቱ ስለሚለወጥ 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ማለትም በአሜሪካው አቆጣጠር ከ5 በፊት ትጠልቃለች። ስለዚህ በማለዳ ውጡ። ወቅቱ አጋዘን ለመራባት የሚሯሯጥበት ነው፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ከጫካ ድንገት ይዘላል። አዳኞችም የሚወጡበት ወቅት ስለ ሆነ ብርቱካንማ ሰደርያ መልበስ ግድ ነው። የረጠበ ቅጠል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ከሥሩም ጉድጓድ ወይም ከዛፍ የወደቀ ጠንካራ የዋልነት ፍሬ ሊኖር ይችላል፤ በታጠፈ መንገድ ላይ ከመታጠፋችሁ በፊት ፍሬን ያዙ እንጂ በመታጠፊያው ውስጥ አትያዙ። አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ጎማ ማውለቂያ ያዙ፤ እዚህ በየመንደሩ ጎሚስታ የለምና ጎማ መቀየርን ቤታችሁ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። ስልካችሁ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ባትሪው ግን ሙሉ ይሁን። በየት በኩል እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

በሜሪላንድ ሕግ አሽከርካሪ ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ መራቅ አለበት፤ በእነዚህ መንገዶች ላይ አብዛኛው ከዚያ በላይ ይርቃል። በመጀመሪያ ጥቁር ሰው ብቻውን በገጠር መንገድ ሲሄድ እንዴት ይታያል የሚል ስጋት ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ፈጽሞ አልለቀቀኝም። ያየሁት ግን ገበሬው ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንሥቶ ሰላምታ ሲሰጥ ነው። እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ እመልሳለሁ። ብቻችሁን መሄድ የማትፈልጉ፣ በተለይም እኅቶች፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ የምንተያይበትን ያህል ርቀት ጠብቀን፣ እስከ ድልድዩ ሳንነጋገር እንሂድ ብላችሁ አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ ዝምታው በጋራም ይገኛል።

ጾምን ከድካም ጋር ማገናኘት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ለመሄድ ሞክሬ ዲከርሰን አቀበት ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ልጄ፣ ከመንገድ ላይ ወድቀህ ሰው ብታስቸግር ጾምህ ምኑ ላይ ነው?" አሉኝ። ቅዳሜን ቀለል አድርጌ፣ ሌላውን ቀን ደግሞ አጥብቄ እንድጾም ፈቀዱልኝ። ስለዚህ እናንተም የራሳችሁን አባት ጠይቁ፤ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙንም ይጠይቅ። ስንቄ በሶ ነው። ሌሊቱን በጥቂት ጨውና ስኳር ጭብጦ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ግማሹን በውኃ በጥብጬ በጠርሙስ እይዛለሁ። በሱቅ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ምግብ የሚያንስበት ነገር አላየሁም፤ የጾም ምግብ መሆኑን የሚጠራጠርም የለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህ ጉዞ የቅዳሴ ምትክ አይደለም። በወረርሽኙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልብ መግባት ባልተቻለበት ወቅት ጀመርኩት፤ በሩ ሲከፈት ግን የቅዳሜው ዝምታ ለእሑድ ቅዳሴ ያዘጋጀኝ ጀመር። ቀድሞ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ገበያ ይውል ነበር። አሁን ሁልጊዜ ባይሆንም፣ የዲያቆኑን ድምፅ እንደ አንድ የማውቀው መንገድ ይዤው እሄዳለሁ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ዓመት አላቋረጥኩም። ኋይትስ ፌሪ ላይ በገመድ እየተመራች ሰውና መኪና ወደ ቨርጂንያ ታሻግር የነበረችው ጀልባ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ስላቆመች፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወንዙ ዳር ይበልጥ ጭር ብሎ ነው ያገኘሁት። ባሕር ዳር ያለችው እኅቴ በጾሙ መጀመሪያ የአደይ ፎቶ ትልክልኛለች፤ እኔ የሲካሞር ቅጠል እልክላታለሁ። ኅዳር ሲገባ እሷ ጋር አደዩ ደርቆ ዘሩን ያራግፋል፣ እኔ ጋር ዛፉ ባዶ ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ሁለታችንም ፎቶ አንላላክም፣ እንደዋወላለን እንጂ።

በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ለቁስቋም በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጎማዬ የፈነዳበት ቦታ ስደርስ ከብስክሌቱ እወርዳለሁ። ጎማው ደህና ነው፣ መብራቱም ይሠራል፣ ቀንም ነው። እስከ ኋይትስ ፌሪ ያለውን መንገድ ብስክሌቱን ከጎኔ ይዤ፣ እሷ ወደ ጊዮርጊስ በምትሄድበት እርምጃ፣ በእግሬ እሄደዋለሁ።